ለአሮጌ የፊልም ካሜራ የሚሆን ስስ ቆዳ ጎጃም ውስጥ ከየት ይገኛል?

የማርቆሷ ፎቶ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ ፎቶ ቤት የቀሩ ሦስት የፊልም ካሜራዎች በእጄ አሉ። የሦስቱም ሻተር (ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ይሠራል፣ ፊልምም በደንብ ይጠቀልላሉ፤ ያስቸገረኝ የላይ ልባሳቸው ነው። የዜኒት ኢው የጀርባ በር ልባስ ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ተኮማትሯል፤ የያሺካ ማት 124ጂው የጎን ልባስ ተሰነጣጥቆ ከፊሉ ረግፏል፤ የዛይስ ኢኮን ኮንቴሳው ደግሞ ቆዳው ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ከሥሩ አንዳች ነገር የሚገፋው ይመስል እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ብሏል።

እዚህ ማርቆስ ያሉ ጫማ ሰፊዎችን ጠይቄ ያሳዩኝ ቆዳ ሁሉ ለጫማ የላይ ክፍል የሚሆን ወፍራም ነው። ካሜራው ላይ ሳስቀምጠው ከብረቱ ጠርዝ በላይ ስለሚቆም በሩ መዘጋቱንም እጠራጠራለሁ። ለእያንዳንዱ የካሜራ ዓይነት በልኩ ተቆርጦ የተዘጋጀ ልባስ የሚሸጡ የውጭ አገር ነጋዴዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በውጭ ምንዛሪ ከፍሎ፣ በፖስታ አስልኮ፣ ቀረጡን ጨምሮ ሦስት ካሜራ ማልበስ ከካሜራዎቹ ዋጋ ሊበልጥ ነው። ፍየሉና በጉ በሞላበት አገር ተቀምጦ የመዳፍ ስፋት ለማይሞላ ቆዳ ባሕር ማዶ መላክ ደግሞ ትንሽ ያሳፍራል። ስለዚህ የምጠይቀው ምን ዓይነት ቆዳ፣ በምን ያህል ውፍረት፣ ከማን ዘንድ ማግኘት እንደምችልና በምን እንደምለጥፈው ነው።


ጣና ጠጋኝ (ባሕር ዳር)

እኅቴ፣ ስለ ቆዳው ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ከጠቀሷቸው ሦስቱ እውነተኛ ቆዳ የለበሰው ኮንቴሳው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በክራስኖጎርስክ የተሠራው ዜኒት ኢም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ያሺካ ከፋብሪካ የወጡት በሰው ሠራሽ ልባስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩት ተጣጣፊ ካሜራዎች ብዙዎቹ የፍየል ቆዳ ይለብሱ ነበር፤ ላይካ ግን እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣውን ኤም 3 ጨምሮ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመው በድኝ የጠነከረ ጎማ ሲሆን፣ ያ ጎማ ሲያረጅ ይደርቅና በቁራጭ በቁራጭ ይረግፋል። የፕላስቲኩ ልባስ ጠባይ ከዚህ ይለያል። እንዲለሰልስ የተጨመረበት ንጥረ ነገር በዕድሜ ብዛት እየወጣ ሲሄድ ልባሱ ይኮማተራል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሚኖልታ ኤክስ ዲ በዚህ የታወቀ ነው። የዜኒትዎም በሽታ ይኸው ስለሆነ፣ ስቦ ወደ ቦታው ለመመለስ አይድከሙ፤ ቢመለስም አይቆይም።

ወደ ውፍረቱ ስንመጣ፣ ነገሩን ሁሉ የሚወስነው እርሱ ነው። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ ልባሱ የሚያርፍበት ሜዳ ዙሪያውን በቀጭን የብረት ጠርዝ የተከበበ ነው፤ አዲሱ ልባስ ከዚያ ጠርዝ ጋር እኩል መሆን ወይም በጥቂቱ ዝቅ ማለት አለበት። የካሊፐር ጭራ ወደ ሜዳው አስገብተው የጠርዙን ጥልቀት ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ነው የሚያገኙት። የጫማ የላይ ቆዳ ከ1.2 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚሆን ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ወፍራም ልባስ በሩ በማጠፊያው በኩል እንዳይከፈት ያግደዋል፣ ራስን ፎቶ ማንሻውን (የጊዜ ቆጣሪውን) ዘንግ ይይዘዋል፣ በያሺካው ላይ ደግሞ በጎን ያለውን የማተኮሪያ ማዞሪያ ይፈትገዋል። የሥዕሉን ጥራት ግን አይነካም፤ ፊልሙ የሚያርፍበት ሐዲድ ከውስጥ ስለሆነ ከውጭ ያለው ልባስ ቢሳሳም ቢወፍርም ትኩረቱ አይዛባም። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው በከንቱ ስለሚሰጋበት ነው።

አዲሱ ቆዳ በእጅዎ ሳይገባ አሮጌውን አይላጡ። የተቀደደም ቢሆን አሮጌው ልባስ ከሁሉ የተሻለ መለኪያዎ ነው።


ፍኖተ ሰላም 35 (ፍኖተ ሰላም)

እኔ ከመነሻው ቆዳ ለምን አስፈለገ እላለሁ። ካሜራው ሲሠራ ቆዳ ካልለበሰ፣ አሁን ቆዳ ማልበስ ወግ ማሳመር ብቻ ነው። ለሶፋና ለመኪና ወንበር የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ቆዳ በየከተማው አለ፤ ጀርባው ጨርቅ ስለሆነ አይለጠጥም፣ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፣ ሲቆረጥም ጠርዙ ንጹሕ ይወጣል። እውነተኛ ቆዳ እርጥበት ይመጥጣል። በእኛ ክረምት ሳጥን ውስጥ የከረመ የቆዳ ቦርሳ ሻጋታ ለብሶ ያላየ ጎጃሜ የለም፤ ያን ሻጋታ ከሌንስ አጠገብ ማምጣት ደግሞ ምን የሚሉት ብልሃት ነው? የሌንስ ፈንገስ አንዴ መስተዋቱን ከበላ አይመለስም።


ሞጣ ላይ ፊልም (ሞጣ)

ጋሼ ጣና እንዳሉት ውፍረቱ ወሳኝ ከሆነ፣ የጃፓኑ አኪ አሳሂ የሚሸጠው ተቆርጦ የተዘጋጀ ልባስ አይሻልም? ጀርባው ላይ ማጣበቂያ አለው፤ ልጦ ማልበስ ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ በሻንጣው ይዞት ይመጣል፤ በፖስታ ቤት በኩል ማለፍ አያስፈልግም። ለዜኒት ግን ያዘጋጁ እንደሆነ አይቼ አላረጋገጥሁም።


የዳንግላው ጫማ ሰፊ (ዳንግላ)

እኅታለም፣ የማርቆስ ባልንጀሮቼ ያሳዩዎት የላይ ቆዳውን ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ግን ገበሩን ነው። በቆዳ ጫማ ውስጥ እግር የሚነካው ስስ ቆዳ ገበር ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ከፍየል ወይም ከበግ የሚወጣ ሲሆን ከ0.6 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደው ቆዳ ስጠኝ ካሉት የሚያወጣልዎ የላይ ቆዳውን ነው፤ ጥቁር የፍየል ገበር ብለው ይጠይቁት። እርሱ ባይኖረው ለጫማ ሰፊዎች የሚያከፋፍሉት የጥሬ ዕቃ ሱቆች አያጡትም።

ስለ በግና ፍየል ልጨምር። የእኛ አገር የዋሸራ በግ ጠጉሩ አጭር ነው፤ እንዲህ ያለ የደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ ስለሚሆን ኢትዮጵያ በዓለም ገበያ የምትታወቀው ለእጅ ጓንት በሚሆነው የበግ ቆዳዋ ነው። ለካሜራ ግን የበጉን አልመርጥም። የበግ ቆዳ ይለጠጣል፤ ስቦ የለጠፉት በኋላ ወደ ልኩ ሲመለስ ጠርዙ ላይ ክፍተት ይተዋል። ደግሞም በቆዳው ፊትና በሥጋ ወገኑ መካከል ያለው ስብ ሲወጣ ቦታው ልል ስለሚሆን፣ በእጅ ብዛት ፊቱ ከሥሩ እየለቀቀ ይንሸራተታል። የፍየሉ ድርና ማግ የጠበቀ ነው፣ ፊቱም በተፈጥሮው ጠጠር ጠጠር ያለ ስለሆነ ጣት አይሸሽበትም።

ቆዳውን ሲመርጡ ከጀርባ አጥንቱ መስመር ላይ ይቁረጡ፤ የሆዱን ክፍል ይተዉት። ቆዳ በጀርባ አጥንቱ አቅጣጫ ሲስቡት እምብዛም አይለጠጥም፣ በወርዱ ሲስቡት ግን ይሰጣል። ስለዚህ የካሜራውን ርዝመት ከአጥንቱ መስመር ጋር ያስተካክሉት። አንድ የፍየል ቆዳ ለሦስቱም ካሜራዎች በቅቶ ይተርፋል።

ፍኖተ ሰላም ወንድሜ የሶፋውን ቆዳ ማመስገንህን አልቃወምም፤ ርካሹ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ፊቱ እየተላጠ ጨርቁ ብቻ ሲቀር በየቡና ቤቱ ወንበር ላይ እያየነው ነው።


ደጓሹ (ደብረ ወርቅ አካባቢ)

ስለ ካሜራ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ቆዳ በጠንካራ ነገር ላይ ማልበስ ግን ሥራዬ ስለሆነ የምለው አለኝ። ለብራና መጽሐፍ የእንጨት ገበታውን ቆዳ ስናለብስ የሚያስቸግረን የመካከሉ ሜዳ አይደለም፤ ጠርዙ ነው። ቆዳው ታጥፎ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ካልሳሳ ያብጣል፤ ያበጠው ደግሞ በእጅ ብዛት ቀድሞ ይላጣል። ስለዚህ ቆዳውን በለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በፊቱ እንደፋለን፣ በደንብ በተሳለ ቢላ የሥጋ ወገኑን ከመካከል ወደ ጠርዝ እያጋደልን እንፍቃለን። ቢላው ከደነዘ ቆዳውን ይጎትተዋል፣ ይበሳዋልም፤ ስለዚህ ከፍቂያው ይልቅ ስለቱ ላይ ጊዜ ይጥፋ። ገበሩ 0.9 ሆኖ የካሜራዎ ጠርዝ 0.7 ቢሆን፣ ሙሉውን ማሳሳት ሳያስፈልግ ዙሪያውን ብቻ ቢፍቁ ዓይን አይለየውም።

በእኛ አካባቢ እስከ አሁን በእምቧይና በቅጠላ ቅጠል የሚለፋ ቀይ የፍየል ቆዳ አለ፤ ለማኅደርና ለድጉሰት የምንጠቀምበት ነው። እርጥብ ሳለ የጫኑበትን ቅርጽ ይቀበላል። ጥቁሩ ልባስ ካልማረክዎ ያን ቀይ ቆዳ ቢያለብሱት የሚያምር ይመስለኛል። ለማጣበቂያ እኛ የዱቄት ሙጫ እንጠቀማለን፤ ሙጫው እስኪደርቅ ቆዳውን ወዲያና ወዲህ ማንሸራተትና ማስተካከል ስለሚፈቅድ ለጀማሪ ምቹ ነው።


ጣና ጠጋኝ (ባሕር ዳር)

መሪጌታ፣ የጠርዙን ፍቂያ እንዲህ አብራርቶ የጻፈልን ሰው አላየሁም፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። በሁለት ነገር ግን በአክብሮት እለያለሁ።

አንደኛው የዱቄት ሙጫው ነው። የእንጨት ገበታ ውሃውን ይመጥጥለታልና ሙጫው ይይዛል፤ የካሜራ አካል ግን ቀለም የተቀባ ብረት ስለሆነ ውሃው መሄጃ አያገኝም። ሙጫው ሳይደርቅ ይዘገያል፣ ሲደርቅም ከብረቱ እንደ ቅርፊት ይነሣል፤ በዚያ ላይ ውሃው ወደ ብሎኖቹ ይሰርጋል።

ሁለተኛው በባህላዊ መንገድ የለፋው ቆዳ ነው። ሲለፋ በቅባት ስለሚታሽ፣ ቅባቱ ውስጥ ያለው አሲድ ነሐስና መዳብ ሲነካ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ዜኒቱ የአሉሚኒየም አካል ስላለው ብዙ አያሰጋውም፤ የነሐስ ብሎንና የነሐስ ችንካር ባለበት አሮጌ ካሜራ ላይ ግን አላደርገውም። የፋብሪካ ገበር በክሮም የለፋ ስለሆነ በዚህ በኩል ጸባዩ ይሻላል፤ ጉድለቱ መሪጌታ የጠቀሱትን ቅርጽ አለመቀበሉ ነው። የቀድሞውን የዜኒት ጥለት በክሮም ቆዳ ላይ ተጭኜ አወጣለሁ ማለት ድካም ነው፤ የፍየሉን የራሱን ፊት መቀበል ይሻላል።

የሞጣው ልጅ፣ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ልባስ ጥሩ ነው፤ ልኩም አይስትም። ካሜራህ ተፈላጊ ከሆነና የሚያመጣልህ ሰው ካለህ እርሱን ምረጥ። ጠያቂዋ ግን ይህን መንገድ አስባበት ትታዋለች።


የማርቆሷ ፎቶ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በጋሼ ጣና ምክር የዜኒቱን ጠርዝ ለክቼ 0.8 ሚሊ ሜትር ግድም አገኘሁት፤ የያሺካው ከዚያ ይሳሳል። የዳንግላው ወንድሜ ያለውን ገበርም አግኝቻለሁ፤ በእርግጥም የጥሬ ዕቃ ሱቁ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ እኔ ግን ስሙን ስላልጠራሁ የሚያሳየኝ አልነበረም። የኮንቴሳው ጉብታ ግን አልገባኝም። አንዱን በጥፍሬ ስጫነው ጠንካራ ነው፤ አየር የገባበት አይመስልም።


ጣና ጠጋኝ (ባሕር ዳር)

አየር አይደለም፤ ከላይ ለመሪጌታ የጻፍሁት አረንጓዴ ዝገት ነው። ዛይስ ኢኮን በቆዳው ሥር የነሐስ ችንካሮች ስለተጠቀመ፣ በችንካሮቹ ራስ ላይ ባለፉት ዘመናት የተጠራቀመው ዝገት ቆዳውን ከሥር እየገፋ ያነሣዋል። በዓለም ያሉ የካሜራ ሰብሳቢዎች ሁሉ የሚያውቁት የዛይስ ምልክት ነው፤ ኮንታፍሌክስና ኮንታክስ ላይም ይታያል። በመዶሻም ሆነ በጣት ወደ ውስጥ ለመጫን አይሞክሩ፤ ቆዳው ጉብታው ላይ ይቀደዳል።

ለዚህ ካሜራ አዲስ ቆዳ አያስፈልግዎትም፤ የራሱን አንሥቶ፣ አጽድቶ፣ መልሶ መለጠፍ ነው። በዚያ ዘመን ቆዳውን ይለጥፉ የነበረው ብዙ ጊዜ ሼላክ በሚባለው ሙጫ ስለሆነ በአልኮል ይለሰልሳል። ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን በማይታይ ጥግ ላይ በጥጥ ነክተው ይሞክሩ። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ከጠርዙ ሥር አስገብተው ይታገሡ፣ ደነዝ ስስ ቢላም በዝግታ ያስገቡ። አልኮሉ ጠንካራው፣ ባለ 96 በመቶው ይሁን። የጎጃም ሰው ነንና አረቄ አይበቃም ወይ የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ አይበቃም። የአረቄው ግማሽ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ አሮጌ ቆዳን ያኮማትረዋል፣ ያደርቀዋልም። በሙቀት ማላቀቅም እንደዚሁ ክልክል ነው።

ቆዳው ሲነሣ አረንጓዴው ሰም መሰል ነገር በችንካሩም በቆዳው ጀርባም ላይ ይገኛል። ሁለቱንም ይፋቁ፤ አንዱን ብቻ ካጸዱ ከሌላው ይነሣል። ለችንካሩ የእንጨት ሹል ይበቃል፣ ከዚያ በአሴቶን በራሰ ጥጥ ይጥረጉት፤ አሴቶኑ ግን ቆዳውንም ሆነ በዙሪያው ያለውን ቀለም እንዳይነካ። ችንካሩ ሲጸዳ ራሱ ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ስስ አድርገው ቢቀቡት የቆዳው ቅባትና ነሐሱ ዳግመኛ አይገናኙም። በዝገቱ የተበላ፣ ሊቀደድ የደረሰ የቆዳ ክፍል ካለ ከጀርባው ስስ ወረቀት ይደግፉት።


የጮቄ ሰብሳቢ (ደብረ ማርቆስ)

ለኮንቴሳው በተሰጠው ምክር እስማማለሁ። የሚያሳዝነኝ ሁላችሁም ዜኒቱንና ያሺካውን ለመላጥ መቸኮላችሁ ነው። የፎቶ ቤት ካሜራ ልባሱ ላይ ያለው መዳበስና መጎዳት የሠራተኛውን እጅ ይዟል፤ የየትኛው ጣት የት እንዳረፈ ሳይቀር ይታያል። አዲስ የፍየል ቆዳ ሲለብስ ካሜራው ያምራል፣ ግን ማን ይዞት እንደኖረ መናገሩን ያቆማል። ቢያንስ ያሺካው ላይ ያልረገፈው ክፍል ባለበት ቢቀር፣ የረገፈው ብቻ ቢተካ መልካም ነው። የሚነሣውም ሁሉ ተለይቶ፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ተጽፎበት በፖስታ ይቀመጥ። በማስቲሽ ለዘላለም የሚጣበቅ ሥራም አልደግፍም፤ ነገ የተሻለ መንገድ ቢገኝ ወደ ኋላ መመለስ መቻል አለበት።


ፍኖተ ሰላም 35 (ፍኖተ ሰላም)

በሚሊዮን የሚቆጠር ዜኒት ተሠርቷል፤ ይህንኛውን በሙዚየም ደንብ ማስተዳደር አስፈላጊ አይደለም። ሴትዮዋ ልትሠራበት ነው የፈለገችው። ካሜራ የሚይዘው ሰው እጁ ላይ ልባሱ እየተላጠ፣ ፍርፋሪው በሩ ሲከፈት ወደ ፊልሙ እየገባ ታሪክ ተጠብቆ ምን ይረባል? ቁራጩን በፖስታ ማስቀመጥ ግን ወጪ የለውም፤ ይደረግ።

የዳንግላው ጋሼ ስለ ርካሹ የሶፋ ቆዳ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ያልሁት ጥሩውን ነው። ስለ ሻጋታው የጻፍሁት እንደጸና ነው። ቆዳ ያለበሰ ሰው ክረምቱን ካሜራውን በቆዳ ኮሮጆው ውስጥ ዘግቶ አያስቀምጥ፤ አየር በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ ያውለው።


ሞጣ ላይ ፊልም (ሞጣ)

ልክ ለማውጣት የሚጠቅም አንድ መንገድ ልንገራችሁ። የተነሣውን አሮጌ ልባስ ጠፍጣፋ ስካነር ላይ አስቀምጦ በእውነተኛ መጠኑ ስካን ማድረግና በወፍራም ወረቀት ማተም ይቻላል። ከመስካናችሁ በፊት አጠገቡ ማስመሪያ አኑሩ፤ ብዙ ማተሚያዎች ከገጹ ጋር ለማስማማት ሲሉ ምስሉን ስለሚያሳንሱት፣ የታተመውን ማስመሪያ ከእውነተኛው ጋር ሳታስተያዩ እንዳትቆርጡ። ልባሱ ከተኮማተረ ግን ስካኑም የተኮማተረውን ነው የሚሰጣችሁ። ያን ጊዜ የወረቀት ፕላስተር በካሜራው ሜዳ ላይ ለጥፎ፣ በእርሳስ ጠርዙን አሽቶ፣ በመስመሩ ላይ በምላጭ ቆርጦ ማንሣት ይሻላል።


ጣና ጠጋኝ (ባሕር ዳር)

ልጁ ያለው ትክክል ነው፤ ለተኮማተረው የዜኒት በር ፕላስተሩን ተጠቀሙ።

ስለ ማጣበቂያ አንድ ጊዜ ልጻፍና ልጨርስ። ሱፐር ግሉ በጭራሽ አይግባ፤ ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት በሌንስና በመመልከቻው መስተዋት ላይ ነጭ ጉም ይተዋል። ማስቲሽ ይሠራል፤ ቆዳውንም ብረቱንም ስስ አድርገው ቀብተው፣ ሲነኩት ጣት ላይ የማይቀርበት ደረጃ እስኪደርስ ጠብቀው ማገናኘት ነው። ችግሩ አንዴ ከነካ አይንሸራተትም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ዘይት የማያሳልፍ ስስ ወረቀት ያንጥፉ፣ ቆዳውን በልኩ ያስተካክሉ፣ ከዚያ ወረቀቱን ከአንድ ወገን ቀስ በቀስ እየሳቡ ከኋላው ይጫኑ። ሽታው ራስ ስለሚያዞር በር ተከፍቶ ይሠራ።

ማስቲሹን ለበሩና ለጀርባው ብቻ ነው የምመክረው። የብዙ ካሜራ የፊት ልባስ ብሎኖች ይሸፍናል፤ ኪየቭ 4ን፣ ያሺካ ኤሌክትሮ 35ን ወይም ያሺካ ማትን ለመፍታት መጀመሪያ የፊት ልባሱ መነሣት አለበት። ነገ ሻተሩ ቢዘገይና ጠጋኝ ዘንድ ቢሄድ፣ በማስቲሽ የታሸገ ፊት ለማንም አይመችም። ለፊቱ በሁለት ወገን የሚጣበቅ ስስ ፕላስተር ይጠቀሙ፤ የጮቄው ወንድማችን የጠየቀው ወደ ኋላ መመለስም በዚህ ይገኛል። ልባሱ በተነሣበት ጊዜ ከሥሩ ባዶ የብሎን ቀዳዳ ካገኙ በጥቁር ፕላስተር ይድፈኑት፤ ቆዳ ብቻውን ብርሃን ይከላከላል ብለው አይተዉት።


የማርቆሷ ፎቶ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

የዜኒቱ ሥራ አልቋል። የፍየል ገበሩ ከጠርዙ ጋር ሊተካከል ምንም ያህል አልቀረውም፤ በማጠፊያው በኩል ብቻ በመሪጌታ መንገድ ፈቅሁት፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስላልነበረኝ የፎቶ ፍሬም መስተዋት ተጠቀምሁ። በሩ ያለ ግፊት ይዘጋል። የፊቱን ያለበስሁት በፕላስተር ነው። ራስን ማንሻውን ዘንግ መንቀል ስላልፈለግሁ ከቀዳዳው እስከ ቆዳው ጠርዝ አንድ ቀጥተኛ ስንጥቅ አበጅቼ በዘንጉ ሥር አሳለፍሁት፤ ዘንጉ ሲወርድ ስንጥቁን ይሸፍነዋል። ፊቱ የቀድሞውን አይመስልም፤ ጠጠሩ ጎላ ይላል። በእጅ ሲያዝ ግን ከበፊቱ የተሻለ ይዞታ አለው።

ኮንቴሳውን በጠንካራው አልኮል አንሥቼ ከእያንዳንዱ ጉብታ ሥር ጋሼ ጣና ያሉትን አረንጓዴ ሰም አገኘሁ። የተወሰነ ቀለም ጥጡ ላይ ስለወጣ አልኮሉን በቆዳው ፊት ላይ ሳይሆን ከሥር ብቻ መጠቀም ግድ ሆነብኝ። መልሼ የለጠፍሁት የእንጨት ሠራተኞች ለቤት ዕቃ ማቅለሚያ በአልኮል በሚያሟሙት ሼላክ ነው።

ያሺካው ላይ የጮቄው ሰብሳቢ ያሉትን ተቀብዬ የፊቱንና ደህናውን ጎን አልነካሁም። የረገፈውን ጎን ብቻ እተካለሁ፤ ነገር ግን ገበሩ ስቆርጠው ጠርዙ ሰማያዊ ቢጤ ግራጫ ሆኖ ይታያል። በዜኒቱ ላይ የብረቱ ጠርዝ ስለሸፈነው አላስቸገረኝም፤ ያሺካው ላይ ግን ማዞሪያው ባለበት ክብ ቀዳዳ ዙሪያ ጎልቶ ይታያል። ምን ላድርግ?


የዳንግላው ጫማ ሰፊ (ዳንግላ)

ግራጫው የክሮም ቀለም ነው፤ ቀለሙ እስከ ልቡ ያልጠለቀ ገበር ሲገዛ ይኸው ነው የሚታየው። ከመለጠፍዎ በፊት፣ ቆርጠው እንደጨረሱ፣ ጠርዙን በፈሳሽ ጥቁር የቆዳ ቀለም በትንሽ ብሩሽ ወይም በክብሪት እንጨት ጫፍ በተጠቀለለ ጥጥ ይቀቡት። የሚቀባ ሰም ያለበት የጫማ ቀለም አይሁን፤ ሰሙ ወደ ጀርባው ከዞረ ፕላስተሩ አይይዝም። ከደረቀ በኋላ በደረቅ ጨርቅ አሽተው ቀለም አለመልቀቁን ይዩ፤ ካልሆነ የማዞሪያው ብረት ላይ ይወጣብዎታል። ክቡን ቀዳዳ በምላጭ ለማዞር አይድከሙ፤ ማንኛውም ቀበቶ የሚበሳ ጫማ ሰፊ በልኩ የሚሆን መብሻ አያጣም፤ ልኩ ከመብሻዎቹ ሁሉ የሰፋ ከሆነ ደግሞ የቱቦ ቁራጭ አፉን በሞረድ አስልተው፣ ቆዳውን በግንድ ላይ አጋድመው አንድ ጊዜ በመዶሻ ይምቱት።


የማርቆሷ ፎቶ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

ፈሳሹን ቀለም አግኝቻለሁ፤ የቱቦውንም ነገር ብረት በያጁ ዘንድ አስላለሁ። ከገበሩ የአንድ ካሜራ ያህል ስለሚተርፈኝ፣ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ ዜኒት ወይም ዞርኪ የምታለብሱ ብትኖሩ ጻፉልኝ፤ የዜኒት ኢውን የወረቀት ልክም ከቆዳው ጋር እሰጣችኋለሁ።